ሶላንዥ ዓርብ ዕለት ደውላ ነበር

ሲያትል፣ ኖቬምበር 2016

ውድ ኦዲል፣

ወደ ሰላምታው በኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ያለብኝን ልናገር፤ ካልሆነ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቴና ስለ ታክሲው ሳወራ ወረቀቱ ያልቅና ይህም እንደ ሌሎቹ አራት ደብዳቤዎች ይቀደዳል። እኅትሽ ሶላንዥ ከመሞቷ አንድ ቀን ቀደም ብላ፣ ዓርብ ዕለት፣ ቤቴ ደውላ ነበር። መልእክት ሰጠችኝ። አልነገርኩሽም። ይኸው ስምንት ዓመቴ።

እፎይ። ወጣልኝ።

በአማርኛ የምጽፍልሽ ቀስ እያልሽ በጣትሽ እየተከተልሽ እንደምታነቢ ስለማውቅ ነው። በፈረንሳይኛ ስጽፍ ትሕትና ይበዛብኝና ነገሩን አድበስብሼው አልፋለሁ። «አንቺ» ማለቴንም በድፍረት አትቁጠሪብኝ፤ «እርስዎ ስትለኝ የተቀበርኩ ይመስለኛል» እያልሽ ያስለመድሽኝ ራስሽ ነሽ።

ታዲያ ዛሬ ምን ነካህ ትይኝ ይሆናል። ልጄ ሃሴት ናት አዲሱን መጽሐፍሽን በላይብረሪ በኩል ከሌላ ስቴት ያስመጣችልኝ። ባለፈው ሳምንት ካፒቶል ሂል ላይ ታክሲዬን ፓርክ አድርጌ ደንበኛ እየጠበቅሁ ሳነብ፣ መሀል ላይ አንዲት መስመር አገኘሁ፦ «እኅቴ ውሸታም እንዳለችኝ ሞተች።» ደንበኛው መጥቶ መስኮቱን ሲያንኳኳ አልሰማሁትም፤ ተናዶ ሌላ ታክሲ ያዘ። እውነቱን ነው።

እኔ ያንቺን ሕይወት የሰማሁት በታክሲ መስታወት ውስጥ እያየሁሽ ነው። በ2007 ከኤርፖርት ስትሳፈሪ ስሜን ከመታወቂያዬ ላይ አንብበሽ «ብዙነህ፣ እንደምን ዋልክ?» ስትይኝ መሪውን ልለቀው ምንም አልቀረኝም። ወር ሳይሞላ ቱክዊላ ያለው ቤታችን ምድር ቤት ገባሽ። መጋዘን ውስጥ ስለሚሠሩ ስደተኞች መጽሐፍ ልትጽፊ ነበር የመጣሽው። መኪና አትነጂም፣ ሞባይል አትይዢም። እኔ አመላልስሽ ነበር፤ ትራፊክ ሲይዘን ታወሪኛለሽ።

አባትሽ ብሬታኝ ውስጥ ባሕር ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ፖስተኛ ነበሩ። አንቺ በአሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ፓሪስ ገብተሽ ጋዜጣ ቤት የሌሎችን ጽሑፍ በታይፕ ስትመቺ ቆየሽና፣ አንድ ቀን የራስሽን መሀል ላይ ሰክተሽ አሳለፍሽ። ማንም ሳያውቅ ታተመ! ይህን ስታወሪ እንደ ሕፃን ትስቂ ነበር። በአብዮቱ ጊዜ አዲስ አበባ ላኩሽ። እዚያ ሊታሰር የሚፈለግ ልጅ መኖሩን በምሽት ሰምተሽ፣ «እናቱን በዚህ ሰዓት ለምን አስደነግጣለሁ፣ ጠዋት እነግራታለሁ» ብለሽ አደርሽ። ጠዋት ስትደርሺ ልጁ ተወስዷል። ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን አሳድሬ አላውቅም አልሽኝ። ይህንን እያወቅሁ ነው እንግዲህ እኔ ጉዴን የሠራሁት።

ከዚያ ስለ አባትሽ የጻፍሽው መጽሐፍ መጣ። በጦርነቱ ጊዜ የጎረቤቶቻቸውን ስም ጽፈው ለጀርመኖች እንደሰጡ አወጣሽው። ፈረንሳይ አገር ሸለሙሽ፤ ሶላንዥ ግን «ውሸታም» የሚል ካርድ ላከችልሽና አሥራ ሰባት ዓመት ዘጋችሽ። ይህን ስትነግሪኝ ብቻ ነው ስታለቅሺ ያየሁሽ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሊንውድ ያለው መጋዘን አድርሼሽ ገና መመለሴ ነበር፣ ስልኩ ጮኸ። ድምጿ የደከመ ነበር። ቁጥሩን ከአሳታሚሽ ተቀብላ ነው። «ሆስፒታል ነኝ፤ ሐኪሞቹም ጥቂት ቀን ነው የቀረሽ ብለውኛል» አለች። ከዚያ መልእክቷን ተናገረች፤ እንዳይጠፋኝ ብዬ የካላንደር ቅጠል ገንጥዬ በጀርባው ጻፍኩት።

«ዛሬ ትነግራታለህ?» አለችኝ።

«ዛሬ እነግራታለሁ» አልኳት።

ባለቤቴ ማንአልሞሽ ግን ስትሰማ ደነገጠች። ክፉ ወሬ ለብቻዋ እንዴት ይነገራታል፣ ያውም ደክሟት፣ ባዶ ሆዷን፤ እዚህ አገር ከእኛ በቀር ማን አላት፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ሰብሰብ ብሎ በለዘብታ ይነገራት አለች። እውነት ለመናገር እኔም ልቤ ያለው እዚያው ነበር። ለዘመድ የሚደረገውን ላንቺም ማድረጋችን ነው ብዬ እንዲያውም ደስ አለኝ።

ማታ እየሳቅሽ ገባሽ። እራት ቀርቦ እንደ ልማድሽ «ዛሬ ማን ደወለ?» አልሽኝ።

«ማንም» አልኩሽ።

ቅዳሜ ጠዋት የእኅትሽ ልጅ ኮል አደረገ። ሞታለች። እሷን በስልክ አግኝተሽ፣ አንዲት ቃል እንኳ ተለዋውጠሽ የምትሰነባበቺበት አንድ ቀን ነበረሽ፤ እኔ በላሁብሽ። ያን ቀንም ዝም አልኩ፤ መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው ብለን። እሑድ ሲነጋጋ ጎረቤታችን እማማ ሣህሊቱና ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡና ያንቺን በር አንኳኳን። አዲስ አበባ የኖርሽ ሰው ነሽ፤ ነጠላውን እንዳየሽ ገባሽ።

«ማን ነው?» አልሽ። ነገርንሽ። እማማ ሣህሊቱ ሊያቅፉሽ እጃቸውን ሲዘረጉ አንቺ የምታዪው እኔን ነበር።

«መቼ ነው የሰማኸው?»

«ትናንት።»

«ትናንት እኮ እራት አብረን በላን፣ ብዙነህ።»

ሻንጣሽን ከተትሽ፤ በእኔ ታክሲ መሄድ እንኳ አልፈለግሽም። ለአንድ ሌሊት ዝምታ እንዲያ ካየሽኝ የዓርቡን እንዴት ብዬ አፌን ልክፈት? መጀመሪያ የደበቅሁሽ ከፍቅር ነበር፣ እግዜር ያውቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ስምንት ዓመት ግን ፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። አንቺም እሷ የተናገረችውን ሳታውቂ መጽሐፍ ጽፈሽ፣ ውሸታም እንደተባልሽ አረጀሽ።

ማንአልሞሽ ዛሬም ተው ትላለች። የግድ ከሆነ ደግሞ ለእኅቷ ልጅ ጻፍለት፣ ሰው ባለበት ቀስ ብሎ ይንገራት አለችኝ። አያድርስ ነው፣ ልጽፍለት ብዕር አንስቼ ነበር። ሃሴት ከሶፋው ላይ ቀና ብላ «ዳድ፣ ጀስት ቴል ኸር» አለች። ዝም ብለህ ንገራት ማለቷ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

ስለዚህ ማንንም አልሰበሰብኩልሽም። ብቻሽን ከሆንሽ ብቻሽን አንብቢው። ይቅር በይኝ ልልሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት፤ ይቅር ብትይኝም ባትይኝም ይህ ያንቺ ነው። የካላንደሯን ቅጠልም አብሬ ልኬልሻለሁ፤ በፈረንሳይኛ፣ በእኔ ጽሑፍ፣ በእሷ ቃል። እንዲህ ነበር ያለችው፦

«መጽሐፏን ሦስት ጊዜ አነበብኩት በላት። ኦዲል ያኔ ሕፃን ነበረች፣ ተኝታ ነበር። አባባ ስሞቹን ሲጽፍ መብራቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። እሷ አልዋሸችም።»

«ዛሬ እነግራታለሁ» ብሎ የነበረው፣
ብዙነህ