እሬት የቀባሁት ወፍ

ጥር 3፣ ቅዳሜ። ጠዋት 2 ሰዓት

ዛሬም ላባ ጠረግሁ። ግማሽ እፍኝ፣ አረንጓዴ። ከጓዳው በር እስከ ብርቱካኑ ጆንያ ተበትኗል። የትናንቱ ያንስ ነበር። ድመት ገብታ መስሎኝ ቀዳዳ ፈለግሁ። የለም።

እንግዲህ ደብተር፣ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ወፍ ጠባቂ ሆኛለሁ። ልጄ ዘምዘም ወልድያ ሐኪም ቤት ተኝታለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ደም አይታ ከአልጋ አትነሺ ተብላለች። የምታስታምማት አማቷ ናት። ለእኔ ዘምዘም በቀቀኗን ተወችልኝ። ሹፌሩ ባሏ ከጅማ በኩል በጭነት መኪና ያመጣላት ነው። ራሱ ቢጫ ስለሆነ ሎሚ ትለዋለች።

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል። መርሳ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። የእኔ ልጅ ግን የምትታረሰው ከአማቷ ዘንድ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ፣ ለሐኪም ቤቱ ስለሚቀርብ ነው እላለሁ።

ጥር 5፣ ሰኞ

ድመት አይደለም። ራሱ ነው። የሽቦ ጎጆው ላይ የደረብኩትን ጆንያ ገለጥ ሳደርግ አንገቱን አጥፎ ደረቱን ይነጫል። አንድ ላባ ይመዛል፣ ይጥላል፣ ሌላ ይመዛል። ጮህኩበት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ደግሞ ነጨ።

ጎረቤቴ ሐዋ መጥታ አየችው። ሰው ዶሮውን አርዶ ይነጫል፣ ያንቺው ራሱን ነጭቶ ይጠብቅሻል፣ ድስት ብቻ ጣጂ አለችኝ። ስቃ ስታበቃ ዓይን ነው አለች፤ ሰው አይቶት ነው። ማን ያየዋል? ጓዳ ነው የሚውለው። ጠዋት ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። ስለዚህ ጆንያ እደርብበታለሁ፣ በሩን እቆልፋለሁ፣ መናኸሪያ ሄጄ ብርቱካኔን እሸጣለሁ። እስከ 11 ሰዓት። ውሃ አለው። ማሽላ አለው። ምን ጎደለው?

ዘ. ደወለች። ሎሚ እንዴት ነው አለች። ደህና ነው አልኳት። ምላሴ እንኳ አልተያዘም።

ጥር 8፣ ሐሙስ

መላ አገኘሁ። ከሐዋ አጥር ስር እሬት ቆረጥኩ። ልጅ ጡት ስናስጥል የምንቀባውን ነው። ጣት ለሚጠባም ይሆናል። አንዴ ከመረረው ሁለተኛ አይነካውም።

በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኩት። ልቡ መዳፌ ውስጥ ይመታል፣ ቶሎ ቶሎ። ቢስሚላህ ብዬ ደረቱን ለቀለቅሁት። ጣቴን ነከሰኝ። ሙጣጭ ብዬ ሰደብኩት። ስሰድበው ደስ አለኝ። የሰደብኩት እሱን ብቻ አልነበረም።

ጥር 10፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 6 ሰዓት

ባሰ። እሬቱ ደርቆ የቀረውን ላባ እርስ በርሱ አጣብቆታል። ያን ለማላቀቅ ሲል መሰለኝ ሥጋው ድረስ ገባ። መቆሚያ እንጨቱ ላይ ደም አለ። ደረቱ መሀል ላይ የሳንቲም ያህል ተከፍቷል።

ስጽፍ ዘ. ደወለች። ስልኩን ወደ ሎሚ አስጠጊልኝ፣ ድምፁን ልስማ አለች። ተኝቷል አልኳት። በጠራራ ፀሐይ።

እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ደብተር ላይ ውሸት ምን ይሠራል? አማቷ አጠገቧ ሆና ትሰማለች ብዬ ነው። ወፍ እንኳ መያዝ አቃታት እንዳይሉኝ ነው።

ጥር 12፣ ሰኞ

ወፉን በባጃጅ ይዤ የወረዳው እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ሰዉ ፍየል ይዟል፣ ጥጃ ይዟል። አንድ የሲሪንቃ ገበሬ ወደ ሽቦ ጎጆው አጎንብሶ አየና፣ ይህ ለመድኃኒት ነው ለወጥ አለኝ። ሁሉም ሳቀ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። እኔ የተማርኩት ለከብትና ለዶሮ ነው፣ የሚያውቅ ልጠይቅ ብላ አስተማሪዋ ዘንድ ደወለች። ረጅም አወራች። ቅማል ፈለገች፣ የለም። ምን ቀብተውታል አለች። እሬት አልኳት። አልተቆጣችም። እኔ ብሆን እቆጣ ነበር። ለብ ባለ ውሃ ቀስ እያለች አጠበችው። ዘይትም ቅቤም ምንም እንዳልቀባ ነገረችኝ፤ ላባው ሲጣበቅ ይብሱን ይነክሰዋል።

ከዚያ አሮጌ ራጅ ካለዎት ብላ ቤት ላከችኝ። የጉልበቴን ራጅ አመጣሁላት። ክብ አድርጋ ቆረጠችው፣ ጠርዙን በጨርቅ ፕላስተር አለሰለሰችው፣ አንገቱ ላይ አሰረችለት። ምንቃሩ ደረቱ ዘንድ አይደርስም። ይህ ቁስሉ እስኪድን ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም አለች።

መጨረሻ ላይ ጠየቀችኝ። የት ነው የሚውለው? ቤት። ከማን ጋር?

«እማማ፣ ይህ በመንጋ የሚኖር ወፍ ነው። ጨለማ ውስጥ ብቻውን ሲዘጋበት፣ የሚሠራው ሲያጣ፣ ራሱን ይበላል» አለችኝ።

ስመለስ ባጃጁ ውስጥ እጆቼን ሻሼ ስር ደበቅሁ። ያየኝ ሰው አልነበረም።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ብርቱካን አልሸጥኩም። ይህን ለመጻፍ ከጠዋት ጀምሬ እስክሪብቶ አነሳለሁ፣ እጥላለሁ።

ዘምዘም ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ ጥሎን የሄደ ዓመት። ውርጌሳ ገበያ ስሄድ በሩን ቆልፌባት እሄድ ነበር። ከንጋት እስከ ምሽት። መስኮቱንም በጣውላ መትቼዋለሁ፣ ሌባ እንዳይገባ። ቂጣ አላት። ውሃ አላት። ምን ጎደላት እል ነበር።

ቅንድቧን መንቀል ጀመረች። ከዚያ ፀጉሯን፣ ከግንባሯ በላይ ያለውን። ማታ ስገባ ፀጉር ጠርጌ አወጣለሁ። ጂን ነው አሉኝ። ራሷን ላጨኋት። አሥር ጣቶቿን እሬት ቀባሁ። አልተወችም። በነጠላ ቁራጭ እጆቿን አስሬ አስተኛኋት፣ ስንት ሳምንት እንደሆነ አላስታውስም። ጎረቤቱ ጠንካራ እናት ነሽ አለኝ። በሩን ለምን ትቆልፊያለሽ ያለኝ የለም። ቢለኝም አባርረው ነበር።

የግራ ቅንድቧ ጫፍ እስከ ዛሬ አልበቀለም። ጠዋት ጠዋት በኩል ትሞላዋለች። ስትሞላ ሳይ ሥራ ያለብኝ እመስላለሁ።

ደብተር፣ አንቺን የገዛችልኝ እሷ ናት። አስተማሪ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ከት/ቤት እየተመለሰች፣ እጄን በእጇ ይዛ «ሀ»ን አስጻፈችኝ። ስሳሳት አልተቆጣችም። ስሳሳት እንደገና ያዘችኝ። በእነዚያ ባሰርኳቸው እጆች።

አማቷን ለምን እንደመረጠች አሁን ገባኝ ልል ነበር። ድሮም አውቀው ነበር።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ወፉን ከጓዳ አወጣሁት። መስኮት ዳር፣ ፀሐይ ላይ። ራጁ እየከበደው ሁለት ጊዜ ወደቀ። ከጠባቡ ጣሳ መብላት አቅቶት ሰፊ ሳህን ቀየርኩለት። ሐኪሟ የሚበጣጥሰው ነገር ይስጡት ባለችኝ መሠረት የበቆሎ ልባስና መፋቂያ እንጨት አስገባሁ። አልነካውም።

መናኸሪያም ይዤው ሄድኩ። ከብርቱካኑ ጎን፣ ጥላው ስር። የጉልበቴን አጥንት አንገቱ ላይ አጥልቆ ተቀምጧል። አንድ ሹፌር፣ ወልድያ ወልድያ፣ አንድ ሰው ከነወፉ እያለ ይጣራል። ድሮ ቢሆን እረግመው ነበር። 9 ሰዓት ሲሆን ለመኪናው ጥሩንባ መልስ ሰጠ፣ ወፉ። ትንሽ ፉጨት። ከመጣ የመጀመሪያው ነው። ሰው ሁሉ ወደኔ ሲዞር ብርቱካን መደርደር ያዝኩ።

ጥር 16፣ ዓርብ። ከጁምዓ በኋላ

ዘ. ደወለች። ሎሚ እንዴት ነው ስትል ደህና የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ታሟል አልኳት። ደረቱን ነጭቶ አቁስሏል። ጓዳ ቆልፌበት ስለምሄድ ነው። ደህና ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

የአልጋ ድምፅ ሰማሁ። አማቷ ምን ሆንሽ ስትላት ሰማሁ። ምንም አለቻት።

«እሬት ቀባሽው?»

እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኋትም። አዎ አልኩ።

«አስረሽዋል?»

አንገቱ ላይ ሐኪሟ ያደረገችለት አለ፣ እስኪድን ነው፣ እኔ አይደለሁም አልኩ። እኔ አይደለሁም ማለቴ ራሱ አሳፈረኝ። ያንቺንም ነገር አስታወስኩት፣ ዐውፍ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ ልላት ፈለግሁ። እነዚህን ቃላት እዚህ መጻፍ እችላለሁ። ስልክ ላይ ድምፅ የላቸውም።

«በሩን አትቆልፊበት፣ እማ።»

አልቆልፍም አልኳት። ላባው ሲበቅል ንገሪኝ ብላ ዘጋች። እስኪበቅል አልደውልም ማለቷ ይሁን አይሁን አላውቅም።

መቆለፊያውን ከነቁልፉ ለሐዋ ሰጠኋት። ሌባ ቢገባስ አለችኝ። ይግባ አልኳት።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ሁለት ሳምንት። አልደወለችም። በባሏ በኩል ደህና እንደሆነች እሰማለሁ።

ቁስሉ ቅርፊት ይዟል። ዛሬ ሐኪሟ እንዳለችኝ ማሰሪያውን ለአንድ ሰዓት ፈታሁለት፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ። ወዲያው አንገቱን ወደ ደረቱ አጠፈ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። መጮህ ያብስበታል ተብያለሁ። የበቆሎ ቆረቆንዳ አቀበልኩት። አየው። አየኝ። ከዚያ ቆረቆንዳውን ያዘና ፈጨው። ሰዓቱ እስኪሞላ መሬቱን በፍርፋሪ ሞላው። ስጠርግ ላባ ፈለግሁ። ሁለት ብቻ።

የአማቷን ቤት ለአራስ እያጸዱት ነው አሉ። ጥሩ። እዚህ ታረሺ ብዬ አልጠይቃትም። መጠየቅ የሚገባኝ ሌላ ነው።

የካቲት 10፣ ሰኞ። ጠዋት 1 ሰዓት

በቅሏል። ከቁስሉ ዙሪያ፣ እንደ ሾህ ሾል ሾል ያለ ነገር። መጀመሪያ ሌላ በሽታ መስሎኝ ደነገጥኩ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ከእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ አረንጓዴ።

መሀሉ ግን ባዶ ነው። ሥጋው ድረስ የገባበት፣ እሬቱ የተጣበቀበት። ሐኪሟ እዚያ ላይ አይበቅልም፣ ሥሩ ሞቷል ብላኝ ነበር። ዙሪያው ሲረዝም ይሸፍነዋል። ለማያውቅ ሰው አይታይም።

ስልኩ ጭኔ ላይ ነው። በቅሏል ብዬ ብቻ ብነግራት ውሸት አይሆንም። ታምነኛለች። ትመጣም ይሆናል።

ሎሚ መስኮቱ ላይ መፋቂያውን እየሰነጠቀ ነው። በሩ ክፍት ነው።

ዙሪያው በቅሏል እላታለሁ። መሀሉ አልበቀለም፣ አይበቅልምም። ይህንንም እነግራታለሁ። ከዚያ ስለ ቅንድቧ።