ቶቢ የመረጠው ችሎት

ሽሩስበሪ፣ ዓርብ ማርች 14 ቀን 2025

ውድ ዴሪክ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የፖርቱጋል ፀሐይ ለወገብህ ሳይሻል አይቀርም። ከተለያየን ወዲህ ስልክ ስናወራ መጨረሻችን ጭቅጭቅ ስለሆነ መጻፍ መረጥኩ።

ልጃችን ተከሷል። መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ በተነሳ ጠብ የአንድ ሰው አፍንጫ ተሰብሯል። በቦታው የነበረ ፖሊስ ቶቢ ሲመታው አይቻለሁ ይላል፤ ቶቢ ላገላግል ነው የገባሁት ይላል። ካሜራ የለም፣ ሌላ ምስክርም የለም።

እኔ በዳኝነት በማገለግልበት ከተማ እንዳይታይ መዝገቡ ወደ ቴልፎርድ ተዛወረ። ትናንት ቀረብን። ጠበቃችን ወይዘሪት ኦኬሊ ኮሪደሩ ላይ አስረዳችው።

"ጥፋተኛ አይደለሁም ካልክ የት መዳኘት እንደምትፈልግ ይጠይቁሃል። እዚህ ከሆነ ሦስት ማጂስትሬቶች ይፈርዳሉ፤ እንደ እናትህ ሁሉ ደመወዝ ሳይከፈላቸው የሚዳኙ ተራ የአገር ሰዎች ናቸው። ቢበዛ አንድ ዓመት ነው የሚፈርዱት፤ ጉዳዩም በዚህ በጋ ያልቃል። ላይኛው ፍርድ ቤት ከሆነ ጥፋተኛ መሆን አለመሆንህን የሚወስነው ጁሪ ነው፤ ከሕዝቡ በዕጣ የሚወጡ አሥራ ሁለት ሰዎች። ወረፋው ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ከተፈረደብህ ደግሞ ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት ይሄዳል።"

"እዚሁ ይለቅልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሳቀቅ ልኑር እንዴ?" አለ ቶቢ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እማዬ፣ ሥራሽ ነው፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ፖሊስ አንድ ነገር፣ እንደ እኔ ያለ ጎረምሳ ሌላ ነገር ሲነግርሽ ማንን ታምኛለሽ?"

"ማስረጃውን አያለሁ" አልኩት።

"ኧረ በናትሽ! ማስረጃው እኮ የእኔና የፖሊሱ ወሬ ነው። ማንን?"

ወይዘሪት ኦኬሊ ስልኳን መነካካት ጀመረች። የችሎቱ አስተናባሪ በሩን ከፍታ ስሙን ጠራች።

"ጁሪ በል" አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። "ያን ሁሉ ዓመት ዳኛ ሆነሽ ተቀምጠሽበት?"

"ጁሪ በል አልኩህ። ግባ!"

የመሃል ዳኛዋ ትሁት ሴት ናት። ምርጫውን ረጋ ብላ አስረዳችው፤ ሲናገርም አላቋረጠችውም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። ቶቢ "ጁሪ" አለ። በዋስ ለቀቁት። መኪና ውስጥ አላናገረኝም፤ እስካሁንም አላናገረኝም። ተሳስቼ ከሆነ የሚታሰረው እሱ ነው።

ማታ ፓሜላ ወሬውን ሰምታ ደወለች። አብረን ነው በዳኝነት የምናገለግለው።

"እኛን እኮ አላመንሽንም ማለት ነው!" አለች እየሳቀች።

"ምርጫው የልጁ ነው" አልኳት፤ እኔም ሳቅሁ።

የፊታችን ማክሰኞ ከእሷ ጋር ችሎት ለመሰየም ተራዬ ነበር። ጉንፋን ስለያዘኝ አልመጣም አልኳት። ጉንፋን አልያዘኝም።

ከቻልክ ና። እኔን ባታናግረኝም እሱን አናግረው። ጤናውን ይስጥህ፤ ለልጃችንም አሥራ ሁለት ቅን ሰዎች ይግጠሙት።

ጊሊያን