የኤረር ፍየሎችና የጥሩአየሁ ድርሻ

ጥር 5 ቀን 2007

መዝገብ ቤት ዋልኩ። አርባ ሦስት ደብዳቤ ገባ። አርባ አንዱ «ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ» ብሎ ይጀምራል። ጉዳዩ ከላይ አልተጠቀሰም።

ከሥራ ስወጣ ባንክ ጎራ አልኩ። የእናታችን ቤት የተሸጠበት ገብቷል። ሁለት መቶ አርባ ሺህ ብር። ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የታናሽ እህቴ የጥሩአየሁ። ደብተሩ ግን በእኔ ስም ነው። እሷው ናት እንዲህ ይሁን ያለችው። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ያነበብክ ሰው ነህ፤ የሚሆነውን አንተው እወቅ።» ባሏ ከሞተ ወዲህ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሁለት ልጅ ታሳድጋለች። ይህን የሚያህል ገንዘብ አይታ አታውቅም። ደግማም የምታይ አይመስለኝም...

ያነበብኩት ልቦለድና ታሪክ ነው። ልነግራት አስቤ ነበር። አልነገርኳትም። መታመን ደስ ይላል።

ጥር 8

መናኸሪያው አጠገብ አዲስ የተከፈተው ቢሮ ሄድኩ። ባለቤቱ ማቲዎስ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ጅጅጋ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ። ሥራው፦ ከሰው ገንዘብ ይሰበስባል፣ በኤረር በኩል ፍየል ገዝቶ ያደልባል፣ ወደ ዐረብ አገር ይልካል። ለባለገንዘቡ በየወሩ አሥር በመቶ።

ውሉን አሳየኝ። ስድስት ገጽ። በየገጹ ክብ ማኅተም፣ ቲተር፣ ፊርማ፣ ተራ ቁጥር። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ማኅተሙ ያልተደበዘዘ ወረቀት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ልቤ ደነገጠ ብል አላጋነንኩም።

መመዝገቢያ ሁለት ሺህ ብር ከኪሴ ከፈልኩ። ሙሉውን እስከ ጥር 21 ካላስገባሁ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። «ጋሽ ባህሩ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው የያዝኩት» አለኝ። ትናንት እኮ አያውቀኝም ነበር...

ጥር 9

ጃማ ኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል፦ ገንዘብን በጥበብ ሥራ ላይ ስለማዋል፣ ነፃ ሥልጠና፣ በኢንተርኔት በቀጥታ፣ አራት ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከፍየሎቹ የሚመጣውን ትርፍ ምን እንደማደርገው ለመማር ገባሁ። ሰው አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

አሠልጣኟ ሶሲና ትባላለች። አዲስ አበባ ሆና ነው የምታስተምረው። ድምፅዋ የተረጋጋ ነው፤ የሀብታም ድምፅ አይመስልም። መጀመሪያ የስድስት ወር ቀለብ የሚሆን አስቀምጡ አለች። ቀጥላ «ከሁሉም የሚበልጠው ግን...» ስትል መስመሩ ተቋረጠ።

ጃማ ማሽኑን መታ መታ አደረገ። «ይኸውልህ፣ ኔትወርኩም ይህን ምስጢር በነፃ አልናገርም አለ።»

ጥር 12

ትናንት፣ በጥምቀት፣ ለጥሩአየሁ ስለ ማቲዎስ ነገርኳት። «አንተ ካልክ» አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ሁለት ቃል። ከስድስቱ ገጽ ይልቅ ከበደኝ።

ጥር 16

ዛሬ መስመሩ አልተቋረጠም። ቢቋረጥ ይሻለኝ ነበር።

ሶሲና፦ «ትርፉ ከየት እንደሚመጣ ለአሥር ዓመት ልጅ ማስረዳት ካልቻላችሁ፣ እናንተም አልገባችሁም። በየወሩ እኩል ነው የሚመጣው ካሏችሁ ደግሞ ለምን እኩል ሆነ በሉ።»

ጥያቄ መጻፍ ይቻላል። በሁለት ጣቴ ጻፍኩ፦ ሰነዱ የተሟላ ከሆነስ?

አነበበችው። «ከጅጅጋ የጻፉልኝ ወንድሜ፣ ሰነዱ ገንዘቡን መስጠታችንን ነው የሚመሰክረው። እንደሚመለስ አይመሰክርም።» የቤት ሥራም ሰጠች፦ በዚያ ንግድ የሚኖር ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ።

ጃማ በጎን አየኝ። ማያ ገጹን የማነብ መሰልኩ። ባዶ ነበር።

ጥር 18

ዐናብ ጋ ሄድኩ። የእናታችን ጎረቤት ነበረች፤ ሩዝና ፓስታ ትነግዳለች፤ ወንድሟ ማሃሙድ ኤረር ፍየል ነጋዴ ነው።

«ዋርያ ባህሩ፣ አንተ ደግሞ ከፍየል ምን አገናኘህ? ዶሮ እንኳ አርደህ አታውቅም።»

ነገርኳት። በየወሩ አሥር በመቶ ስል ሩዝ መስፈሯን አቆመች።

«በዚህ በጂላል?» ጂላል የሚሉት ይህን ደረቁን ወቅት ነው። «አሁን እኮ ፍየል የራሷን ሥጋ ነው የምትበላው። በየወሩ እኩል የምትወፍር ፍየል ካለች አምጣት፣ ምን እንደምትበላ እኔም ልጠይቃት።»

ማሃሙድ ጋ ደወለች። በሶማሊኛ ተነጋገሩ። እሱ ብዙ ሳቀ። ማቲዎስ የሚባል ፍየል ገዢ ኤረር ውስጥ የሚያውቅ የለም።

«ለመሆኑ ዳሚኑ ማነው?» አለችኝ።

ዳሚን ዋሱ ነው። እዚህ አገር በከብት ገበያ ያለ ዳሚን በዱቤ አንድ ጠቦት የሚሰጥ የለም። የታወቀ ሰው በሽማግሌ ፊት ይቆምልሃል፤ ብትጠፋ እሱ ይከፍላል። ወረቀት የለም። አያቴ በወታደርነት መጥቶ ከሰፈረ ወዲህ እዚሁ ነን፤ ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ። ግን ዳሚን ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ነገር ይመስለኝ ነበር...

ጥር 20

ማቲዎስ ቢሮ።

«ፍየሎቹን ማየት ይቻላል?»

«ጋሽ ባህሩ፣ ባንክ ያስቀመጡትን ብር እየሄዱ ያዩታል?»

ጥሩ መልስ ነው። ላልዋሽ፣ እስክሪብቶዬን ከኪሴ አውጥቼ ነበር።

«ዳሚንህስ?» አልኩ።

«ምን አሉኝ?»

«ዳሚን።»

ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። «ሙና፣ ዳሚን የሚባል ፎርም አለን?»

ሙና የጅጅጋ ልጅ ናት። «የለንም» አለች፤ ቀና ግን አላለችም።

በዚህ አገር ፍየል እነግዳለሁ የሚል ሰው ዳሚንን ፎርም መሰለው። እስክሪብቶዬን መለስኩ። «አስቤበት እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ውጭ የሊስትሮ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዬ ሁለት ጊዜ ተጠረገ።

ጥር 21

ቀኑ አለፈ። ቦታዬ ለሌላ ተሰጥቷል። እግዜር ይርዳው።

ጥር 22

ለሥራ ባልደረባዬ ለወንደሰን ነገርኩት። እሱ ማቲዎስ ጋ ሠላሳ ሺህ አስገብቷል። ከት ብሎ ሳቀና የመጀመሪያውን አሥር በመቶ አሳየኝ። ሦስት ሺህ፣ አዳዲስ ኖት። «አንተ ሰውዬ፣ ገንዘብም እንደ መጽሐፍ ካልተቸህ አይሆንልህም።»

ተሳስቼ ቢሆንስ? ለጥሩአየሁ ምን እላታለሁ? የማትወፍር ፍየል ስላሰብኩ ደኸየሽ?

ጥር 24

ጥሩአየሁ ቤት። በስፌት ላይ ነበረች። ስለ ነፃው ሥልጠና፣ ስለ መመዝገቢያውና ስለ ዳሚኑ ነገርኳት።

«ልሰጠው ነበር» አልኳት።

መኪናው ቆመ። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«የእኔንም?»

«የአንቺንም።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «የመመዝገቢያዋ ሁለት ሺህ ከአንተ ኪስ ናት አይደል?»

«ከእኔ ናት።»

«እንግዲያ ነፃ ነው ያልከኝን ትምህርት ከፍለህ ነው የተማርከው።» መኪናውን መልሳ አስነሳች። ቀና ሳትል፦ «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው?»

የካቲት 16

የማቲዎስ ቢሮ ተቆልፏል። ሦስት ቀን ሆነው አሉ። በሩ ላይ ወደ ሃያ ሰው። ሙናም ደሞዟን ብላ ከመሀላቸው ቆማለች። ወንደሰን ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ውሉን በፕላስቲክ ሸፍኖ ይዞታል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ነግሬህ ነበር አላልኩም። እሱም አልሳቀም።

ደስ አላለኝም። ቀለለኝ። ሁለቱ አንድ አይደሉም... እንደቀለለኝ ፊቴ ላይ እንዳይታይብኝ ስጠነቀቅ ዋልኩ።

የካቲት 21

ጠዋት ባንክ። መቶ ሃያ ሺው በጥሩአየሁ ስም ዞረ። መቶውን በጊዜ ገደብ አስቀመጠች፤ በሃያው ሁለተኛ የስፌት መኪና ትገዛለች። ፊርማዋን ስትፈርም ምላሷን በጥርሷ ይዛ ነበር። ሃያውን እስክትገዛ እኔ ልያዝልሽ አልኳት፤ «ቆይ» አለች።

በዘጠኝ ሰዓት ጃማ ጋ፣ የሥልጠናው ሁለተኛ ዙር። ማሽኑ ፊት እሷ። እኔ ከኋላ፣ በርጩማ ላይ። የሆነ ነገር ጻፈች፤ እንዳላይ በነጠላዋ ከለለችው።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሶሲና፦ «ይህ ጥያቄ ከጅጅጋ ነው። ታላቅ ወንድም ገንዘብሽን እኔ ልያዝልሽ ሲል፣ ሳይቀየም እንዴት እምቢ ይባላል?»

ጃማ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«እህቴ፣» አለች ሶሲና፣ «አጠገብሽ ካለ አሁን ሰምቶታል።»

ጥሩአየሁ አልዞረችም። ጆሮዋ ግን ቀልቷል። እኔም አልተቀየምኩም። ቢያንስ ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ።

ወደ ቤቷ ስሸኛት የጊዜ ገደብ ተቀማጭ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳችኝ። ወለዱ መቼ እንደሚታሰብ፣ ከጊዜው በፊት ቢወጣ ምን እንደሚቀር። አውቀዋለሁ። እስከ በሯ ድረስ ሳላቋርጣት ሰማኋት።