በአርባው ቀን የተነሣ ፎቶ

መስከረም 8፣ 2005፣ ማክሰኞ

እህቴ ሰናይት አሁንም አታውቅም።

ጢሜን ዛሬም ተላጨሁ። በየቀኑ እላጫለሁ። እናቱን የቀበረ ሰው ጢሙን ያሳድጋል። እኔ ከመሳፈሬ በፊት ተላጭቼ ከቤት ወጣሁ። ጎረቤቶች አዩኝ።  ጥቁር ሸሚዜ ሻንጣው ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ሥልጠናው ጠዋት ጠዋት ነው። ማተሚያ ቤታችን የገዛውን ማሽን እንድማር ሦስት ሳምንት ፍራንክፈርት ላኩኝ። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ቀስ ብሎ ይናገራል። 8 ሰዓት ላይ ነጻ ነኝ። ማደሪያዬ ሪደርቫልድ ሰፈር፣ ጋሽ ታደሰ ቤት። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ የኖሩ ሰው ናቸው። የዚህ ከተማ ሀበሻ ሲድርም ሲሞትበትም የሚጠራው እሳቸውን ነው። እህቴ ጋ ቦታ የለም፤ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተዋል።

ደብተር፣ እዚህ ያላንተ የማወራው የለኝምና አንዴ ልጻፈው። እማዬ ነሐሴ 15 ሞተች፣ በፍልሰታ ዋዜማ። ሰናይት ለዘመን መለወጫ ደወለች። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። እማዬ ጸበል ናት፣ እዚያ ስልክ አይሠራም አልኳት። አፌን አልያዘኝም።

መስከረም 9፣ ረቡዕ

ጋሽ ታ. ሳሎን አስቀምጠው ዕቅዱን ነገሩኝ። ሦስት ሽማግሌዎችና ሁለት ሴቶች ይመጣሉ። ማለዳ፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ ሰናይት በር ላይ። በስልክ አትሰማም። ለብቻዋ አትሰማም። ሥራ ላይ አትሰማም። የመርዶ ወግ ነው፤ የአባታችንን ሞት እኔም የሰማሁት እንዲሁ ነው።

ቀኑን መስከረም 29 አድርገውታል። ገና ሃያ ቀን። ምክንያት አላቸው። ሰናይት በቢራ በዓሉ ድንኳን ውስጥ አስተናጋጅ ናት። በዓሉ ዛሬ ተከፈተ፤ እሑድ 27 ይዘጋል። ሼፏ (አለቃዋ ማለት ነው)፣ የድንኳኑ ባለቤት፣ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ምግብ ቤት አለው። በዓሉን በደንብ ከጨረሰች ሰኞ 28 ቋሚ የሥራ ውል ያስፈርማታል። ፌርትራግ ይሉታል እዚህ። ያለ እሱ የመኖሪያ ፈቃዷ አይታደስም።

ጋሽ ታ. ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ልጄ፣ ለቅሶ ይቆይሃል። ፌርትራግ አይቆይህም።»

 ልክ ናቸው።

መስከረም 10፣ ሐሙስ

ሰናይት የምትሠራበት ድንኳን ሄድኩ። ብቻዬን። በባን፣ በከተማው ባቡር፣ ሃያ ደቂቃ።

ሸራ። ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ረጃጅም አግዳሚ። ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ። የእድር ድንኳን ነው፤ ሙዚቃውና ሳቁ ሲቀር። ሳላስበው ባርኔጣዬን አውልቄ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ በሩ አጠገብ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ማንንም ቀና ብዬ አላየሁም። ለቅሶ ቤት እንደሚገባ።

ሰናይት አየችኝና በሳቅ ፈረሰች። «ጋሼ! ለቅሶ የመጣህ ነው እንዴ የምትመስለው? ቀና በል እንጂ፣ ቢራ ቤት ነው!»

ቀና አልኩ።

ስድስት ማስ ባንዴ ትሸከማለች። ማስ አንድ ሊትር የሚይዝ፣ እጀታ ያለው ወፍራም ብርጭቆ ነው። ባዶውም ከባድ ነው። አምና ብርጭቆ አጣቢ ነበረች፤ ዘንድሮ ወደ ጠረጴዛ አወጧት። ደረቱ የተከፈተ የአገሩን ቀሚስ አልብሰዋታል። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ እማዬ ይኼን ቀሚስ ብታይ መስቀሏን ይዛ ትነሣብኛለች አለችኝ።

አንድ ማስ አዘዝኩ። ግማሹን ጠጣሁ።

መስከረም 13፣ እሑድ

እንደገና ድንኳን። የት ልሂድ።

ፊት ለፊቴ የሚቀመጥ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ አለ። በየቀኑ ይመጣል፣ ብቻውን። ባርኔጣው ላይ ላባ። አንድ ማስ ለሦስት ሰዓት። ትንሽ እንግሊዝኛ ይችላል። ሚስቱ ሞታለች፤ ቤቱ ጸጥ ስለሚል እዚህ ይቀመጣል። እሱም ስለ እኔ ጠየቀ። አታሚ ነኝ አልኩት። ሰናይትን አሳየሁት፤ እህቴ ናት። ባርኔጣውን ነካ አደረገ። ከዚያ በላይ አላወራንም። ጥሩ ጎረቤት ነው።

መስከረም 15፣ ማክሰኞ

ከድንኳኑ ጀርባ ተገናኘን፣ በፓውዘዋ፤ ሩብ ሰዓት ዕረፍት አላት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን በሣር ላይ ዘረጋች። ተረከዟ ቆስሏል። የእኔን ዳቦ ገምሳ በላች።

ዕቃ ስለምታጥብ ኤርትራዊት ጓደኛዋ አጫወተችኝ። አባቷ ሲሞት አራት ወር ደበቋት። በመካከሉ የአንዱ ሠርግ ላይ ጨፈረች። ኋላ ነገሯት። እሷም ወደ ኋላ ቆጠረች።

«ቪዲዮው አለ ጋሼ። መሐል ገብታ ትጨፍራለች። ዙሪያዋን የሚያጨበጭበው ሁሉ ያውቃል። ሁሉም!»

ከዚያ ወዲህ ያቺ ሴት ከአንዳቸውም ጋር አትቀመጥም። ቤተ ክርስቲያንም ሌላ ከተማ ድረስ ነው የምትሄደው።

ዳቦ ፍለጋ ዓይኔን ወደ ወረቀቱ ከረጢት ላክሁት። ባዶ ነው።

ጫማዋን እያሰረች ስለ ጸበሉ ጠየቀች። ስንት ሱባኤ ነው የያዘችው? ሁለት ነበር፣ አሁን ሦስተኛ ጨምራለች አልኳት። በብርድ? በብርድ። እማዬ መቼም አትሰማም አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ሦስተኛውን ሱባኤ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

መስከረም 17

መስቀል። ሥልጠና አለ። ሮለሩን ፈታን፣ ገጠምን። ምንም የሚጻፍ የለም።

መስከረም 19፣ ቅዳሜ

አርባዋ ዛሬ ነው።

ጠዋት አገር ቤት ደወልኩ። ፍትሐቱ ተደርጓል። ድንኳን ተተክሏል፣ ሰው እየበላ ነው። የአጎቴ ድምፅ ከሰው ጫጫታ ጋር ተቀላቅሎ መጣ። ነገርካት? አለኝ። ገና አልኩት። እግዜር ይርዳህ ብሎ ዘጋው።

እኩለ ቀን ላይ ድንኳኑ ገባሁ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቀኝ፣ ደብተር። በዚህ ቀን ከእሷ ርቄ መቀመጥ አልቻልኩም።

ቅዳሜ ነው፣ ጢም ብሏል። የሙዚቃ ባንዱ አንድ ዘፈን ሲጀምር ሰው ሁሉ አግዳሚው ላይ ይወጣል። አስተናጋጆቹም ይወጣሉ፤ ሼፉ ይወድላቸዋል። ሰናይት እጄን ይዛ ጎተተችኝ። አልወጣም አልኩ። «እባክህ ጋሼ፣ ለእኔ ብለህ!» ወጣሁ። ክንዴን በክንዷ ቆለፈች። ግራና ቀኝ ተወዛወዝን። የማላውቀውን ቃል እኔም በአፌ አንቀሳቀስኩ። አጠገቤ ላንቃዋ እስኪታይ ትስቃለች። ስትስቅ የእማዬ ጥርስ ነው ያላት፣ ፊት ለፊቱ ፍንጭት።

ፎቶ አንሺ በየጠረጴዛው ይዞራል። ቀደም ሲል ስድስት ማስ ታቅፋ ስታልፍ አንሥቷታል።

ወርጄ ወደ በሩ ዞርኩ። ሽማግሌው ክርኔን ያዘኝ። ምን ሆንክ አለ። ነገርኩት። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ አራት ዐረፍተ ነገር ቢሆን ነው። እናታችን ሞታለች። ዛሬ አርባ ቀኗ ነው። እህቴ አታውቅም። ደብቀናታል። ከለቅሶ ቤት ከወጣሁ ወዲህ በአፌ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው፤ ለማላውቀው ሰው።

 ሰናይትን እያየ ነበር። ከዚያ እዚህ ከተማ ስንት ሰው ያውቃል ብሎ ጠየቀኝ። በልቤ ቆጠርኩ። የጋሽ ታ. ቤት፣ የሀበሻው ማኅበር፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን እናቶች። አርባ ይሆናል አልኩት።

ማሱን ገፋ አደረገው። ግማሽ አልደረሰም። ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

መስከረም 21፣ ሰኞ

ሰናይት እየተጣደፈች መጣች። ሽማግሌው ዛሬ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ብድግ ብሎ፣ በሁለት እጁ ጨበጣት። ምንም አላዘዘም አለችኝ።

«ምን ብለኸው ነው?»

«ጎበዝ ሠራተኛ ናት አልኩት።»

«ጎበዝ ብትለው ኖሮ ጉርሻ ነበር የሚሰጠኝ። ብድግ አይልልኝም።»

ለቀልድ ነው ያለችው። ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ስለ ቢራው አወራሁ። እኔ፣ ስለ ቢራ።

ልትሄድ ስትል ከወገቧ መቀነት ውስጥ ፎቶውን አወጣች። የቅዳሜውን። በካርቶን ፍሬም፣ ጥግ ላይ ልብ ተሥሎበታል። ስድስቱን ማስ ታቅፋ ትስቃለች። ለእማዬ ነው፣ ስትሄድ ትወስድላታለህ አለችኝ። ቀሚሱስ? አልኳት። 

«ማሶቹ ሸፍነውኛል እኮ፣ እይ! አትቆጣም።»

ከታች ቀኑ ታትሟል። በእነሱ አቆጣጠር፣ ከነዓመተ ምሕረቱ፣ በደማቅ ቀለም። አታሚ ነኝ፣ የኅትመት ጥራት አውቃለሁ። አይለቅም።

መስከረም 23፣ ረቡዕ

ጋሽ ታ.ን ለመንኳቸው። ቀኑን ያምጡት፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ። ፎቶውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ቆንጆ ልጅ አሉ። ከዚያ እምቢ አሉ።

ተቆጣሁ። የሚበልጠው የእርስዎ ወግ ነው ወይስ የእሷ እናት አልኩ። እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም፤ አባቴ ይሆናሉ።

አልተቆጡም። የራሳቸውን ነገሩኝ። እዚህ በመጡ በሁለተኛው ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ወደ ቢሮ ጠሯቸው፣ ስልክ አለ ተብሎ። አንድ የማያውቁት ሰው ነው የእናታቸውን ሞት የነገራቸው። መስመሩ ተቋረጠ። ወደ ማሽናቸው ተመልሰው ሥራቸውን ጨረሱ።

«ያጽናናኝ ግድግዳ ነው። አቀፍኩት፣ ሙት ልበልህ! ግድግዳ አቀፍኩ። ለዚህ ነው በየሰው በር በማለዳ የምቆመው።»

 ባለቤታቸው ሾርባ አቀረቡ። በላን።

ሌሊት? ተኛሁ። አስገረመኝ።

መስከረም 25፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ኢነንሽታት፣ መሐል ከተማው፣ ሳይል በሚባለው መንገድ ላይ፣ ጫማ መደብር ውስጥ። ጫማ መሞከሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍብህ።

ሰናይት ትናንት ወረቀት ሰጠችኝ። በራሷ ጽሕፈት፦ የቤት ጫማ፣ ውስጡ ሱፍ፣ ቁጥር 38። ካልሲ ሁለት። የእጅ ቅባት፣ ሽታ የሌለው። ሥር አስምራበታለች፦ ለጸበሉ ብርድ። ገዝቼ ማታ እንዳሳያት ነው።

ካልሲውን ገዛሁ። ቅባቱን ገዛሁ፤ ሁለት ዓይነት አሽትቼ መረጥኩ። በጥንቃቄ። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ነው የምሠራው።

ሻጯ ሦስት ጫማ አመጣች። ግራጫው ውስጥ እጄን አስገባሁ። ይሞቃል። የእማዬ እግር በመጨረሻው ሳምንት አብጦ ነበር፤ 38 አይገባላትም ነበር። ይህን እያሰብኩ መሆኔን ያወቅሁት ሻጯ ለማን ነው ስትለኝ ነው። ለእናቴ አልኩ። ፈገግ አለች። ደረሰኙን አትጣል፣ ካልሆኗት በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ አለችኝ። ካርቶን ልታመጣ ሄደች።

ፎቶው ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። በልብሴ ላይ ይቆረቁራል። ማክሰኞ ማለዳ አምስት ሰዎች ነጠላ አዘቅዝቀው በሯን ያንኳኳሉ። እሷም ታለቅሳለች፣ ይይዟታል፣ ደግ ሰዎች ናቸው። ከዚያ መቼ ሞተች ትላለች። ከዚያ ትቆጥራለች። ዘመን መለወጫን፣ ሱባኤውን፣ የሽማግሌውን ባርኔጣ። አርባው ላይ ስትደርስ አግዳሚ ላይ ቆማለች፣ ክንዷ በክንዴ ተቆልፏል። እነሱ ይሄዳሉ። እኔ ረቡዕ እሳፈራለሁ።

ጋሽ ታ. ግድግዳ አቅፈው ነበር። እኔ ግድግዳ አይደለሁም።

ሥራዋ 11 ሰዓት ያበቃል። ማስ በእጇ ይዛ አልነግራትም፣ ያን ያህል ወግ አውቃለሁ። ከጀርባ በኩል፣ ሣሩ ላይ፣ ጫማዋን ስታወልቅ። ሰኞ ሄዳ ትፈርም፣ አትፈርም፣ ነገ ስድስቱን ማስ ታንሣ፣ አታንሣ፣ የእሷ ነው። ልትጠላኝም ትችላለች። የዛሬው ጥላቻ ከማክሰኞው ይሻላል።

ጠዋት አልተላጨሁም። ጥቁሩ ሸሚዝ ከሹራቡ ሥር ነው። እንግዲህ ጠዋት ስለብሰው አውቄው ነበር።

ሻጯ ካርቶኑን ይዛ እየመጣች ነው። ጫማውን አግዳሚው ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ጥንዱን ጎን ለጎን። ካልሲና ቅባቱም እዚያው ይቅር። ባኑ በሰባት ደቂቃ ይመጣል። ተነሣሁ