ባትሪ የማያልቅበት ጀግና

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ሁለት ሰው ሠራሽ እግር አስረከብኩ፣ አንድ ተመለሰብኝ። የተመለሰው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይንቋቋል። ባለቤቱ ፖስታ አዳይ ነው። «ገና ከመንገድ ሳለሁ ውሻው ይሰማኛል» አለ። ሞላውን ቀየርኩ። ዝም አለ... እግሩ ማለቴ ነው። ሰውየውማ እስከ በሩ ድረስ አወራ።

ከሰዓት አዲስ ሰው መጣ። ቀኝ እጁ ከአንጓው በላይ የለም። ልኬት እየወሰድኩ ሥራውን ጠየቅኩት።

«ሥዕል።»

«የግድግዳ ነው የሸራ?»

«የኮሚክ መጽሐፍ። ጀግና ነው የምሥለው።»

እጁን የቆረጠው የማተሚያ ቤት ወረቀት መቁረጫ ነው። የራሱን መጽሐፍ ጠርዝ እያስተካከለ። መቁረጫው እጅ ሲገባ የሚያቆም መከላከያ አለው። ጠፍቶ ነበር።

«ማን አጠፋው?»

«እኔ። ሥራ ያዘገይ ነበር።»

ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም። ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት።

ሊወጣ ሲል አንድ መጽሐፍ ከቦርሳው አወጣ። ሽፋኑ ላይ አንድ ጭምብል ያጠለቀ ሰው በጓንቱ ከሕንጻ ተንጠልጥሏል። «እንደዚህ ያለ ነው የምፈልገው» አለኝ።

«ይሄማ ጓንት ነው። ውስጡ እጅ አለ።»

ትንሽ አየኝና የቀሩትን መጽሐፎችም ጠረጴዛዬ ላይ ቆለላቸው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

መጽሐፎቹ ከቁጥር አንድ እስከ ሠላሳ ሰባት ናቸው። ደንበኛ የሚፈልገውን ማወቅ ሥራዬ ስለሆነ አነበብኩ። ጀግናው «ባለ ጓንቱ» ይባላል።

ጓንቱ ገመድ ይተኩሳል። ገመዱ ሁልጊዜ በረንዳ ይይዛል። በረንዳውን ማን ፈተሸው? የእኛ በረንዳ እንኳን ሰው፣ እርጥብ ብርድ ልብስ አልቻለም። ደግሞ ከአሥረኛ ፎቅ የወደቀ ሰው በአንድ እጁ ቢንጠለጠል ትከሻው ይወልቃል። ቁጥር አራት ላይ ብቻ ስድስት ጊዜ መውለቅ ነበረበት።

ቀበቶው አሥራ አራት ኪስ አለው። የፈለገውን ሁሌ በመጀመሪያው ኪስ ያገኘዋል። እኔ ባለ ሁለት ኪስ ጋውን ለብሼ ሜትሬን ስፈልግ እውላለሁ። አሥራ አራቱንም ሞልቶ ሲቀመጥስ? ሆዱን አይወጋውም?

ካባው መሬት ይጠርጋል። የመኪና በር ሲዘጋበት አላየሁም።

ከሁሉም ባትሪው... ጓንቱ ያበራል፣ ይተኩሳል፣ ብረት ያቀልጣል። በሠላሳ ሰባት ቁጥር አንድ ቀን ቻርጅ ሲያደርግ የለም። «ቆይ፣ ሊያልቅብኝ ነው» ያለበት ገጽም የለም።

ታላቅ እህቴ እትዬ ቁጥር አሥራ ሁለትን ከእጄ ነጠቀችኝ። አርባ ዓመት አዋልዳ ጡረታ የወጣች ሴት! መነጽሯን አድርጋ ሶፋው ላይ ተጋደመች።

«መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ!»

«ገመዱ ይይዛል።»

«አትንገሪኝ አልኩሽ እኮ!»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

ለሠዓሊው በእጅ ፋንታ የሚለበስ መንጠቆ አሳየሁት። ሁለት የብረት ጣት፣ አንድ ሽቦ፣ አንድ የትከሻ ማሰሪያ። ትከሻውን ሲገፋ ይከፈታል፣ ሲተው ይዘጋል። ባትሪ የለው፣ ምን የለው። አንድ አናጢ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተጠቅሞበታል።

ሠዓሊው የበሰበሰ ዓሣ ያቀረብኩለት ይመስል ራቅ አለ።

«በእኔ መጽሐፍ መንጠቆ ያለው ክፉው ሰውዬ ነው።»

«ክፉው ሰውዬ የሚሠራ ነገር መርጧል ማለት ነው» አልኩት።

አልሳቀም። የቀልድ ሰው መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ሳጥን መጣ። ውስጡ ለሙከራ የተላከ ባለ ሞተር እጅ። አምስቱም ጣት ይንቀሳቀሳል፣ አንጓው ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለው። ኃላፊያችን ሦስት ጊዜ ጨበጠው።

«ለሠዓሊው ነው። ቅዳሜ ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከልጆች ጋር ዝግጅት አለው። ፎቶ እናነሳለን» አለ።

«መሞከር አለበት። መመሪያው ሁለት ሺህ ጊዜ ይከፈት ይዘጋ ይላል።»

«ትሞክሪዋለሽ እንጂ! ማን ከለከለሽ?»

ማንም አልከለከለኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ሠዓሊው ለበሰው። ብርጭቆ አነሳ፣ ገጽ ገለጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሁለት መቶ ጊዜ ከፈትኩ ዘጋሁ። ደህና ነው። ባትሪው ሲያልቅ ጣቶቹን በእጅ የሚለቅ ቁልፍ ከአውራ ጣቱ ሥር አለ፣ ሲጫኑት ትንሽ ይጠነክራል። ነገ አየዋለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

አራት እግር፣ አንድ ለአጭር እግር የሚሆን ባለ ወፍራም ሶል ጫማ። ወገቤ...

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

እንደሆነው ልጻፈው።

ልጆቹ ሰማንያ ይሆናሉ። እኔና እትዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነን። ሠዓሊው መጽሐፉን በአዲሱ እጁ ሲገልጥ አዳራሹ «ዋው» አለ። በዚያ ሰዓት ኮርቼ ነበር... ይጻፍ፣ ኮርቼ ነበር።

ሲያበቃ የቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር ሊያመሰግነው መጣ። ጎንበስ አለ። ሠዓሊው ትከሻውን መታ ሊያደርገው እጁን ሲያነሳ ጣቶቹ የዳይሬክተሩን ክራባት ያዙ። ጭብጥ! ወዲያው አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች።

አፍንጫ ለአፍንጫ ቀሩ። ማይኩ ክፍት ነው።

«ይቅርታ።»

«ችግር የለም።»

«በጣም ይቅርታ።»

«ችግር የለም...»

ሁለተኛው ላይ ድምፁ ቀጠነ። ልጆቹ የትርዒቱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ። አንዱ «ገመዱን ተኩስ!» ብሎ ጮኸ።

መድረኩ ላይ ወጣሁ። መልቀቂያውን ተጫንኩት። አልሄደም። በሁለት አውራ ጣት ተጫንኩት። ጥፍሬ ተሰበረ እንጂ አልሄደም። ካቻቢቴዬ የት ነው? ወርክሾፕ፣ ጋውኔ ኪስ ውስጥ።

እትዬ ከኋላዬ መጣች። «ዞር በይ» አለችኝ። መቀሱን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ክራባቱን እትብት እንደምትቆርጥ ቆረጠችው፣ ሳትቸኩል። ዳይሬክተሩ በረጅሙ ተነፈሰ። «አይዞህ፣ ጨርሰናል» አለችው።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ልጅ ጠየቀች። «ባለ ጓንቱም ባትሪ ያልቅበታል እንዴ?»

ሠዓሊው ሰምቷታል። ግማሽ ክራባት እንደጨበጠ በጎን በር ወጣ።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ለሠዓሊው ደወልኩ። አያነሳም።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

የሠዓሊው ሚስት ባለ ሞተሩን እጅ በጨርቅ ጠቅልላ አምጥታ ሰጠችኝ። ክራባቱ አብሮ ነበር። መልቀቂያውን ፈታሁት። ውስጡ ያለችው ዘንግ ደርቃለች። አንዲት ጠብታ ዘይት... አንዲት።

ኃላፊው ሪፖርት ጻፊ አለ። «የተጠቃሚ ስህተት በይው። ቻርጅ አላደረገውማ።»

«አድርጎታል። ባትሪው ራሱ ነው የሞተው።»

«እሺ፣ ባትሪው ብለሽ ተዪው።»

«ባትሪማ ያልቃል። ቁልፉ ለዚያ ነው የተሠራው። ቁልፉን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ሴትዮ ነገር ትወጃለሽ።»

ነገር እወዳለሁ? ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ስሠራ ማንም አልፎ አልተናገረኝም፣ እኔም አልፌ አልተናገርኩም። እንደሆነው ጻፍኩት፤ ሁለት መቶ እንጂ ሁለት ሺህ እንዳልሞከርኩም ጭምር። ፈርሜ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ሳያነበው ወደ መሳቢያ ከተተው። ከሰዓት ግን አውጥቶ አነበበው መሰለኝ... ሲወጣ ደህና አምሺ አላለኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ባለ ሞተሩ እጅ ተመልሶ ተላከ። ሪፖርቴ አብሮት ሄደ። እኔ ለጊዜው ጫማ ላይ ብቻ እንድሠራ ተነግሮኛል። ጫማ ጥሩ ነው። የሰው ክራባት አይዝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

ሠዓሊው ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት።

«እንኳን መጣሽ እህቴ። ሰው አያናግርም። የጫማ ክሩን እኔ ነኝ የማስርለት፣ ስላሰርኩለትም ይቆጣኛል።»

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። የሥዕል ጠረጴዛው ላይ አንሶላ ተደርቦበታል። ሰው የሞተ ይመስል።

«ይቅርታ ለመጠየቅ ከሆነ አያስፈልግም» አለ። «ዕቃ ነው፣ ተበላሸ።»

«ዕቃው ብቻ አይደለም» አልኩት። መቆም ይሻለኛል ብዬ አልተቀመጥኩም። «መልቀቂያው እንደጠነከረ ሐሙስ ዕለት አውቄ ነበር። ነገ አየዋለሁ ብዬ ተውኩት። ሁለት ሺህ ጊዜ መሞከር ነበረብኝ፣ ሁለት መቶ ላይ አቆምኩ።»

«ለምን?»

«ሥራ ያዘገይ ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። እጅ የሌለውን ክንዱን አየ። እሱ አልሳቀም፣ እኔም አልሳቅኩም። ሚስቱ ናት የሳቀችው። ከዚያ አፏን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች።

«መጽሐፎቼን አነበብሽ?» አለ ሠዓሊው።

«ሁሉንም።»

«እና?»

«አንዱም አይሠራም።»

ተቆጣ። ቢቆጣ ደስ አለኝ፣ ከዝምታው ይሻላል። «አይሠራም ትይኛለሽ! ልጅ ሳለሁ እቤታችን የሚሠራ አንድ ነገር አልነበረም። በሩ አይዘጋም። ጣራው ያፈሳል። ራዲዮኑ ካልተመታ አያወራም። አባቴ ሁልጊዜ ነገ እጠግነዋለሁ እንዳለ ሞተ። ቢያንስ ወረቀት ላይ እንኳ አንድ ነገር ይሥራ ብዬ ነው!»

ሃያ ሁለት ዓመት ዕቃ ስጠግን ማንም እንዲህ ብሎ ነግሮኝ አያውቅም። «ገባኝ» አልኩ።

ስወጣ ከኋላዬ ጠራኝ። «ያ መንጠቆ... አሁንም አለ?»

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4

መንጠቆው እርሳስ ይይዛል፣ ግን እርሳሱ ይዞራል። አንድ የቆዳ ማቀፊያ ቆረጥኩ፣ እትዬ ሰፋችው። «ከዚህ የባሰ ሰፍቻለሁ» አለች። ማን ይጠይቃታል?

ሠዓሊው አንድ መስመር አሰመረ። ተንቀጠቀጠ። ሌላ። እሱም። ሃያኛው ላይ ማቀፊያው ተቀደደ።

«ተበላሸ!» አለ። ፊቱ ላይ ግን የሆነ ነገር... ደስታ ነው? «እዚህ ጋ ነው የሚበላሸው፣ አየሽ? ስጫን አይደለም። ስመልሰው ነው።»

እውነቱን ነው። እኔ አላየሁትም ነበር። እጅ ያለኝ ሰው ከየት አየዋለሁ?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 18

አራተኛው ማቀፊያ። ይዟል።

ኃላፊው ወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ ሲያየን ነበር። «ይሄ ሰውዬ ምን ይሠራል እዚህ?»

«ይሰብራል» አልኩት።

«ምን?»

«የሠራሁትን። እሱ ያልሰበረው ነው ለሰው የሚሰጠው።»

ሊቆጣ ነው ብዬ ነበር። ጭንቅላቱን አከከና «በየሳምንቱ?» አለ። በየሳምንቱ አልኩት። ወንበር አስመጣለት። ከሰኞ ጀምሮ ወደ እጅ ክፍል ተመለሺም አለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ቁጥር ሠላሳ ስምንት ወጣ። መስመሩ ሁሉ ይርገበገባል። ባለ ጓንቱ ገመዱን ተኩሶ አንድ በረንዳ ላይ ይደርሳል፣ እዚያው ባትሪው ያልቅበታል። ስምንት ገጽ ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ልብስ የምታሰጣ ሴትዮ አለች፣ መቆንጠጫ ያቀብላታል። ሌባው አመለጠ።

«ጀግና ሆኖ ሌባ ያመልጠዋል?» አልኳት እትዬን።

«ዝም በይ፣ እያነበብኩ ነው» አለች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ሁለት ጊዜ።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ሠዓሊው ዛሬ ሦስት ሰበረ። ጥሩ ቀን ነው።

ከሰዓት አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። የተቆረጠው ግራ እጇ ነው። መንጠቆዋን ለበሰች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ ሁሉም የሚጠይቀውን ጠየቀችኝ።

«አያስቸግረኝም አይደል?»

ሃያ ሁለት ዓመት «በፍጹም፣ አይዞዎት» ስል ኖሬያለሁ። ቅጹን አስፈርማለሁ፣ ቀጣዩን እጠራለሁ። ሰው ደስ ብሎት ይወጣል። ከዚያ እቤቱ ብቻውን ያገኘዋል...

«ያስቸግርዎታል» አልኳት።

ደነገጠች። ሠዓሊው ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና የራሱን አሳያት። «እዚህ ጋ ቆዳ ይነክሳል፣ ጨርቅ ያድርጉበት። ይቺ ሞላ በሦስተኛው ሳምንት ትላላለች። እንዲህ አድርገው ያጥብቋት።» እሷም መርፌ ሲያዝ የት ጋ እንደሚያንሸራትት ነገረችው፣ ያን አላወቅንም ነበር። ጻፍኩት። ሽቦው ቢቆለፍባት እንዴት እንደምትለቀው አሥር ጊዜ አሠራኋት። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓይኗን ጨፍና።

አንድ ሰዓት ፈጀ። ውጭ ስድስት ሰው ይጠብቃል። ኃላፊው በመስታወቱ በኩል አየንና ተመለሰ።

ተነሳች። ቦርሳዋን በመንጠቆው አንጠለጠለች፣ ሊወድቅ ሲል አስተካከለችው።

«በሉ እንግዲህ ከነጉዱ ስጡኝ» አለች።

ከነጉዱ ሰጠኋት።