ማሽኑ ወደ እኔ የዞረ ዕለት

ወሰን፣ የካቲት 4 ቀን 2010 ዓ.ም.

ልጄ ፌበን፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

ሐዋሳ እንዴት ናት? ሥራሽስ? እኔ ጌታ ይመስገን ከሆስፒታል ወጥቼ ቤቴ ገብቻለሁ። የአንገቴ ቀዳዳ ገጥሟል፤ ድምፄም ሻካራ ቢሆን ይሰማል። በስልክ «እሁድ መጥቼ ቸርች ምስክርነት እንሰጣለን» ስትይኝ ዝም ያልኩት ድምፅ አጥቼ አይደለም። አፍሬ ነው። የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

ጋራዥ ውስጥ የዛገ ላሜራ ቆርጦኝ መንጋጋ ቆልፍ ሲይዘኝ፣ ጉሮሮዬን ቀደው በቱቦ እንድተነፍስ እንዳደረጉኝ ታውቂያለሽ። አጠገቤ ኢቲቻ የሚባል፣ ሾላ ገበያ እህል የሚሸከም ሰው ተኝቶ ነበር፤ እሱም እንደኔ አንገቱ ላይ ቱቦ አለው። መናገር ስለማንችል በዓይን ነበር የምንጫወተው። ዶክተሮቹ ሲቆጡ ይጠቅሰኛል።

ሞቅ ያለ እርጥብ ኦክስጅን በኃይል የሚነፋው ማሽን ግን በክፍሉ አንድ ብቻ ነበር። አክታ ደርቆ ቱቦውን እንዳይዘጋ የሚያደርገው እሱ ነው። የኢቲቻ አክታ ስለሚብስ ለሱ ተሰጠ።

አንቺ ለምታውቂያቸው የሆስፒታሉ ኃላፊ የደወልሽ ዕለት ዶክተሩ መጥቶ «ማሽኑ ወደ ጋሽ ኤጀታ ይዙር» አለ።

«ኢቲቻ ገና ነው እኮ፣ ዶክተር!» ብላ ነርሷ ሰርክ ተከራከረች። ከዚያ እጄን ይዛ ጎንበስ አለች። «ጋሽ ኤጀታ፣ እርስዎ ያለሱም ደህና ነዎት። ማሽኑ እሱ ጋ ይቆይ ካሉ እጄን ጫን ያድርጉኝ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

መጫን እችል ነበር። ፈራሁ። የተኛሁ አስመሰልኩ። ማሽኑም ወደ እኔ ዞረ።

በማግስቱ ከሰዓት የኢቲቻ ቱቦ ተዘጋ። ሰርክ ሮጣ ደረሰች፤ በአክታ መምጠጫው ሞከረች፣ ቱቦውን ቀየሩ፤ አልሆነም። ሚስቱ አፀደ ልትሳልለት እንጦጦ ራጉኤል ወጥታ ነበር።

ዶክተሩ «ማሽኑ ቢኖርም ላይተርፍ ይችል ነበር» አለ። ይሆናል። እኔ ግን ሳልጠየቅ አይደለም የወሰድኩት፤ ተጠይቄ ነው።

ትናንት አፀደ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። «እንኳን እርስዎ ተረፉ፣ ጋሼ። አጠገቡ ነበሩና... ሲያልፍ ተጨንቆ ነበር?» አለችኝ። ድምፅ እያለኝ ጉሮሮዬን አሳየኋት፤ መናገር የማልችል አስመሰልኩ። እሷም ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

ልጄ፣ አንቺ አባቴን ላድን ብለሽ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳለ በምን ታውቂያለሽ? ምስክርነቱ ግን ይቅር። እሁድ ስትመጪ አፀደ ቤት ትወስጂኛለሽ። ብቻዬን ከሄድኩ ከደጇ እመለሳለሁ።

ጌታ በመንገድሽ ይቅደም፤ ሰላምሽን ያብዛልሽ።

አባትሽ ኤጀታ