ድንጋይ ተሸክሞ ችሎት የገባው አጎታችን

ቀየት፣ ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ገሠሠ፤ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከብርዱና ከዳኛው በቀር ደኅና ነኝ።

አጎታችን አያ ተገኘ ታሰረ። ጓሳ ሜዳ ላይ ሣር ስናጭድ ጎረቤታችን ገብረየሱስ ጩቤ ቢመዝበት በዱላ ፈነከተው። ታዲያ ያ የዋህ፣ ሽማግሌ ፊት የሚታረቅ መስሎት፣ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ችሎት ገባልህ! መነጽራሙ ዳኛ እንደ ጠገበ በግ እያዛጋ፣

«ጥፋተኛ ነህ?» አለው።

«አዎን ጌታዬ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይማሩኝ።»

«ጻፍ፤ አምኗል!»

በቃ። ስለ ጩቤው የጠየቀ የለም፤ የሚናገርለት ጠበቃም አልነበረውም። ሁለት ዓመት! ፈረስ ሌባው ወልደ ጻድቅ ግን ጠበቃ ገዝቶ፣ ክዶ፣ በሦስት ወር ወጣ። ሕግ እቴ! ከድቁና ትምህርት የተባረርሁት እኔ እንኳ ከዚህ የተሻለ እፈርዳለሁ።

አሁን ደግሞ ገብረየሱስ «ራሴ ላይ ያለው ቁስል ሁለት ነው» ይላል፤ የአጎታችን ዱላ ያረፈው አንዴ ነበር፤ ዱላ ይዞ ከጎኑ የቆመው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርሁ። የችሎቱ መልእክተኛም ሰፈር ለሰፈር ስሜን ይጠያይቃል፤ ናፍቄው ይሆናል። ለሳቅ ያህል ልጠይቅህ፤ አዲስ አበባ ርካሽ ጠበቃ ታውቃለህ? ከኅዳር ሚካኤል በፊት ቢደርስ ደግ ነው።

የጓሳ ውርጭ ያልነካው ጤና ይስጥህ። እማዬም ሰላም ትልሃለች፤ ትናንት ከወንዝ ለስላሳ ድንጋይ መርጣ ደጃፍ አስቀምጣለች። ለአንገቴ ልክ ነው።

ወንድምህ ኪዳነ ወልድ